ወንዱ የታለ? ሸረሪት ፍለጋ እስከ ደሃና

ከዋግ ኽምራ ስመለስ ጎረቤቶቼ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛው «ላሊበላን ተሳለምክ?» የሚል ነው። አልተሳለምኩም። ሁለተኛው «ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» ነው። ሸረሪት ልፈልግ። ይህን ስነግራቸው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስለዋል። ደጋግሜ ማውራት ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የፈለገ ያንብብ።

ሥራዬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ክፍል ውስጥ በየጠርሙሱ የተቀመጡ ትንንሽ ፍጥረታትን አልኮል መለወጥ ነው። ከዚያ በፊት የዚያው ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። እስከዚያ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው፤ ጣቴን ይዘው ቀለም ላይ የሚጫኑት የቢሮ ልጆች ፊት ዛሬም አይጠፋኝም።

አንድ ተማሪ ጉንዳን ሊሰበስብ ደሃና ሄዶ ካመጣው ጠርሙስ ውስጥ አልኮል ስለውጥ አንዲት ሸረሪት አየሁ። የገብስ ፍሬ አታክልም። ጀርባዋ ላይ ሦስት ነጭ ነጥብ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ሸረሪት ሳጥብ ኖሬ ይቺን አላውቃትም። የሸረሪት ተመራማሪዋን ዶክተር ሰናይትን ጠራኋት። አጉሊ መነጽሯ ላይ አጎንብሳ ቀና ሳትል ግማሽ ቀን ዋለች። ከዚያ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ፎቶ ስታስመጣ ከረመችና «ጋሼ፣ ይቺን ማንም አያውቃትም» አለችኝ። እኔ እሱን በመጀመሪያው ቀን ብያለሁ።

ስለሷ ጻፈችና ወደ ውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት ላከች። እዚያ ያሉት መርማሪዎች የመለሱት ሲጠቃለል አንድ ጥያቄ ነው፦ ወንዱ የታለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸረሪት ዘር የሚለየው በመልኩ አይደለም። ወንዱ አፉ አጠገብ ሁለት ትንንሽ እጆች አሉት፤ ከሴቷ ጋር የሚገናኘው በእነሱ ነው። እጁና የሴቷ አካል እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው፤ የአንዱ ዘር ቁልፍ የሌላውን አይከፍትም። እኛ ጓጉንቸሩን ይዘናል፣ ቁልፉ የለም። የእንዲህ ያለች ሸረሪት ወንድ ደግሞ ከክረምት በኋላ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ታይቶ ይሞታል። ዘንድሮ ካላገኘነው ለጉዞ የተፈቀደው ጊዜ ያልቃል፣ የዶክተር የሦስት ዓመት ልፋት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በጥቅምት ማብቂያ የተነሳነው ለዚህ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ዶክተር «ለቀበሌው እንደምንመጣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ በእጄ ጽሑፍ ኮርቼ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ። እሷ አላነበበችውም፤ አመነችኝ።

ሰኞ

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን ተባለ። ሾፌራችን ሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣና «ቆየሁ እንዴ?» አለ። ጎማ ሲያስነፋ ነበር። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ያው ጎማ ተነፈሰ።

ደሴ አመሸን። የማረፊያ ቤቱ አስተናጋጅ ሙቅ ውኃ አለ ብሎ ምሎልን ነበር። ቧንቧውን ብከፍተው አቃስቶ ዝም አለ። ስጠራው መጥቶ፣ ቧንቧውን በርኅራኄ ዓይን አይቶ፣ «ትናንት ነበረ» አለኝ። ተመልሶ ግን በባልዲ የፈላ ውኃ ከወጥ ቤት ተሸክሞ አመጣልኝ። ሰው ደግ ነው፤ ቧንቧው ነው ዋሾው።

ማክሰኞ

ከወልድያ ወደ ጋሸና ስንወጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ የአልኮሉን ጀሪካን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ በራ።

«አረቄ ነው?»

«አልኮል ነው፣ ለሥራ» አልኩት።

«የምን ሥራ?»

«ለሸረሪት።»

ጓደኛውን ጠራው። «ና እስቲ፣ ሸረሪት ጠጪ ሆናለች አሉ!» ዶክተር ወረቀት አወጣች፣ መታወቂያ አወጣች፣ በመጨረሻም አንድ ብልቃጥ አውጥታ የተቀመጠች ሸረሪት አሳየቻቸው። ብልቃጡን ለፀሐይ ይዘው ተራ በተራ አዩ። «ለዚህች ነው ይኼን ሁሉ መንገድ?» አለ የመጀመሪያው። እውነቱን ነው፤ እኔም በየዳገቱ እሱን ነበር ራሴን የምጠይቀው።

ላሊበላን በመኪና መስኮት አየሁት። «እንውረድ» ብል ዶክተር «ስንመለስ» አለች። ስንመለስ መሽቶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ልሳለመው የተመኘሁትን ቦታ ሁለቴ አልፌው የሄድኩ ሰው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ካደርንበት ከብልባላ ወዲያ መንገዱ መንገድ አይባልም። መኪናው ወደፊት ከሚሄደው ወደ ላይ የሚዘለው ይበልጣል። ሙላት አቧራውን ሲውጥ እየዘፈነ ነው፤ እኔ ወገቤን ይዤ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ዘፈኑን ወይ ጉድጓዱን አንዱን ተው» እለዋለሁ።

እኔ የምንጃር ሰው ነኝ። ምንጃር ማለት ሜዳ ነው፤ በሬህ ቢጠፋ በማግስቱም ሲሄድ ታየዋለህ። እዚህ አገር በሬ ቢጠፋ ተራራ ከጀርባው ይዘጋበታል። እርሻውም ከገደል ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። በዚያ ላይ ገብስና ማሽላ ያበቅሉበታል። በምንጃር ጤፍ እየኖረ የሚያማርር ሰው አንድ ሳምንት እዚህ ይምጣ፤ እኔንም ጨምሮ።

ሰቆጣ ስንደርስ ቀኑ የጾም ስለሆነ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። የማሽላ እንጀራ ሲበርድ እንደ ካርቶን ይደርቃል አልኩ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሰምታኝ ኖሮ «አባባ፣ ታዲያ ሳይበርድ ይብሉታ! ማን ይዞዎታል?» አለችኝ። ቀጥላ ሳልጠይቃት ትኩስ ጨመረችልኝ፣ በላዩ ሌላ ወጥ ገለበጠች። ነጭ ማር በትንሽ ሳህን አቀረበች። የማሩን ጣዕም አልጽፈውም፤ ለማይሄድበት ሰው መጻፍ ግፍ ነው።

ሐሙስ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ፣ የደሃና ከተማ ነው፣ በጠዋት ሄድን። ከዚያ መኪናው እስከሚችለው ሄዶ ቆመ፤ የቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጓዝን። ሙላት ከመኪናው ጋር ቀረ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል።

መንደሩ ሊታየን ሲል ሽታው ቀድሞ ደረሰን። ትኩስ እበትና ጭቃ። ስንጠጋ ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ እንደኛ አገር የእንጨትና የጭቃ ቤት አይደሉም። ዶክተር ደስ ብሏት ነበር፤ ተማሪው እንደነገራት ያቺ ሸረሪት የድንጋይ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነች ነጭ ድር ለጥፋ ከሥሯ ትተኛለች። ነገር ግን ግድግዳው ሁሉ ከውጭም ከውስጥም አዲስ ተለቅልቋል። ስንጥቅ የሚባል የለም። እርጥብ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኪሮስ ከአሥር የሚበልጡ ሽማግሎች አሰልፎ ጠበቀን። ደረቱን ነፋ አድርጎ «እንኳን ደህና መጣችሁ። በደብዳቤያችሁ መሠረት ዝግጅቱ መቶ በመቶ ተጠናቋል» አለ።

«የምን ዝግጅት?» አለች ዶክተር።

«የሸረሪቱ ነዋ! ሕዝቡ ሰባት ቀን ሙሉ ወጥቶ ጠርጓል፣ ለቅልቋል። አንዲት ሸረሪት ካገኛችሁ እኔን ቅጡኝ።»

ዶክተር አፏን ከፍታ ቀረች። ሰውየው ያላመነችው መሰለውና ከኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሸረሪት ያለባቸውን ቤቶች ለማየት ስለምንመጣ፣ ከመድረሳችን በፊት አስፈላጊው ቅድመ ዝግጅት እንዲደረግ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የእኔ ደብዳቤ ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ።

ዶክተር ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ... 'ያለባቸው' ብለው ጻፉ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሸረሪት የለባቸውም ልበል?»

«'ያለባቸው' ለቅማል ነው! ለእከክ ነው! ሸረሪት 'ያለባቸው' ስንላቸው በሽታ ፍለጋ የመጣን መሰላቸው። 'ቅድመ ዝግጅት' ሲጨመርበትማ...»

«ማኅተም ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው» አልኩ። እውነቴን ነው። ማንበብ ስማር መጀመሪያ ያነበብኩት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ነው፤ እዚያ ላይ «ቅድመ ዝግጅት» የሌለበት ወረቀት አይቼ አላውቅም። ደብዳቤ ማለት እሱ መሰለኝ። ተናደድኩ፤ በሷም፣ በሊቀመንበሩም፣ ፊደል ባስተማረኝም ሰው። በራሴ መናደድ የጀመርኩት ማታ ነው።

አቶ ኪሮስ ነገሩ ሲገባው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ታዲያ ሸረሪቱን ፈልጋችሁት ነው? በሕይወቱ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ፣ ሸረሪት ነው ወይስ ማዕድን?»

ማታ እሱ ቤት ዶሮ ታረደልን። የራሱን አልጋ ለዶክተር ለቀቀ፤ እኔ መደቡ ላይ ተኛሁ። ግድግዳው እርጥብ ስለነበር ብርዱ እስከ አጥንቴ ገባ። የተለቀለቀው በኔ ትእዛዝ ነውና ማንን ልውቀስ?

ዓርብ

ሦስት መንደር ዞርን፤ አቶ ኪሮስ ራሱ መራን። ደብዳቤው ከእኛ ቀድሞ ሁሉም ጋ ደርሷል። መንግሥት ለመንገድ ያልሰጠውን ፍጥነት ለደብዳቤ ሰጥቶታል።

አንዷ ሴት በር ላይ ቆማ «ግቡ፣ ፈልጉ! አንዲት ብትገኝ ስሜን ለውጡ!» ትላለች። ሌላዋ ጣራዋን ሳይቀር በረጅም እንጨት አራግፋለች፤ ጥላሸቱ ገና ከፀጉሯ ላይ አልወረደም። «ተቸገሩ» ስላት «ምን ችግር አለው፣ ለእንግዳ አይደል» አለች።

አንድ ገበሬ ደግሞ ሁለት እጁን እያሻሸ መጣና የመድኃኒት ጠርሙስ ሰጠኝ። ከፈትኩት። በሠላሳ የሚቆጠር ሸረሪት ተጨፍልቆ፣ ተለውሶ፣ እንደ ሰናፍጭ ሆኗል። «ቁጥር የሚጠየቅ መስሎኝ ነው ያጠራቀምኩት» አለ። ዶክተር ጠርሙሱን አየችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ ሳቀች። ሳቋን ማቆም አቃታት። ገበሬው ደስ ብሎት አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እዚያ ልውስ ውስጥ ወንዱ ነበረ ይሆናል።

የዕለቱ መከራ አላለቀም። ዕቃችንን የጫንንባት አህያ ወገቧን ከገደሉ ድንጋይ ጋር ስታሽ የአልኮሉ ጀሪካን ተቀደደ። ስናየው ግማሹ መንገድ በአልኮል ርሷል። አህያዋ ዞር ብላ አሸተተችው። አልኮል ከሌለ የተገኘ ሸረሪት በአንድ ቀን ይበሰብሳል፤ እዚያ አገር ደግሞ ከወዴት ይመጣል?

አቶ ኪሮስ «ዳግም አረቄ አይሆንም?» አለ። ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ ነው። ሚስቱ ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችው ነበር። ዶክተር በማንኪያ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት፤ ሰማያዊ ነበልባል ነደደ። «ይሆናል» አለች። ሴትየዋ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሰጠችን። «ለሠርጉ ምን ይቀራል?» ስላት «ሠርገኛው በጠላ ይችለዋል» አለች። ቤቷን ሳምንት ሙሉ በከንቱ ያስለቀለቅኋት ሴት ናት።

ቅዳሜ

ከመንደሩ በላይ፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ ቤት አለ። አቶ ኪሮስ «እዚያ አትሂዱ» አለን።

«ለምን?»

«አልጠረጉም። አሮጊቷ እምቢ አለችን። ያሳፍረናል።»

ዶክተር ቃሉን ሳይጨርስ መውጣት ጀመረች። እኔና አቶ ኪሮስ ተከተልናት፣ ጉልበቴ እኔን እየረገመ።

እማማ ዝማም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ያበጥራሉ። ገና ሳያዩን «የጽዳቱ ሰዎች ናችሁ?» አሉ።

«አይደለንም፣ እማማ» አለች ዶክተር።

«ብትሆኑም አልጠርግም። ለመስቀል ለቅልቄያለሁ። የመንግሥት ሰው በመጣ ቁጥር የምለቀልቅ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ እበት ውስጥ ልኑር? ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ራሱ መጥቶ ይለቅልቅ።»

አቶ ኪሮስ ወደኔ አየ። ዶክተርም ወደኔ አየች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። የሦስት ቀን አቧራ ለብሻለሁ። ለምራታቸው በኽምጥኛ አንድ ነገር አሉ፤ ምራቲቱ አፏን ይዛ ገባች።

«ምን አሉ?» አልኩት አቶ ኪሮስን።

«ይቅርብህ።»

«ንገረኝ።»

«'መጀመሪያ እሱን አራግፉት' ነው ያለችው።»

ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቅሁት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ግባ» አሉኝ፤ «ሰው አይደለህ?»

ቤቱ ጨለማ ነው። ከጓዳው ጥግ አንድ ትልቅ ጎታ አለ፤ ገብስ የሚቀመጥበት፣ ከጭቃ የተሠራ። በጎታውና በግድግዳው መሃል አንድ ክንድ ክፍተት ነው ያለው። ጎታው ከተሠራ ጀምሮ ከኋላው ያለው ድንጋይ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ዶክተር ልትገባ ሞከረች፣ አልቻለችም። ድህነት ያተረፈልኝ አንድ ነገር ቅጥነት ነው፤ በጎን ገባሁ። የስልክ መብራቴን ይዤ፣ ሁለት ብልቃጥ በአፌ ነክሼ።

ድር አለ፣ ግን የሌላ ነው። ደግሞ የሌላ። ዓይኔ ላይ አፈር ይራገፋል። ወደ ታች ወረድኩ። ከጉልበቴ ትይዩ፣ በሁለት ድንጋይ መገናኛ ላይ፣ ነጭ፣ ክብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ድር ተለጥፋ አየሁ።

ትንፋሼን ያዝኩ። በገብስ ጭራ ጠርዟን ከፍ አደረግሁ። ሦስት ነጭ ነጥብ። ሴቷ ናት። ከጎኗ እግሩን እግሯ ላይ ያሳረፈ፣ ከሷ የቀጠነ፣ አፉ አጠገብ ሁለት ጥቁር ቡጢ የያዘ አለ። ወንዱ።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ አልፈልግም፤ ግን እጽፈዋለሁ። የዶክተር ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሸረሪት፣ አንድ በአንድ። ይህን ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልይዝ ተስገበገብኩ። ደብዳቤዬ ያበላሸውን ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ብወጣ የምክሰው መሰለኝ። ብልቃጡን ስደፋው ጠርዙ ድንጋዩን መታ። ወንዱ ገባልኝ። ሴቷ ስንጥቁ ውስጥ ጥልቅ አለች። ባበራ፣ ብጠብቅ፣ በገብስ ጭራ ብጎረጉር የለችም።

ስወጣ ብልቃጡን ለዶክተር ሰጠኋት። ለብርሃን ይዛ አየችው። «ጋሼ! የደረሰ ወንድ ነው! ብቻውን ነበር?»

«እዚያው ስንጥቅ አጠገብ» አልኳት። ስለ ሴቷ አላወራሁም። ስትደሰት ፊቷ እንደ ልጅ ይሆናል፤ ያንን ፊት ላጠፋው አልፈለግሁም። እውነቱ ግን እሱ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ዶክተር አረቄውን ልትጨምርበት ስትል እማማ ዝማም ክንዷን ያዙ። «ይሞታል?»

ዋሽታ ልታባብላቸው ትችል ነበር። «አዎ እማማ፣ ይሞታል» አለች።

«በአረቄ?»

«በአረቄ።»

«የኔም ባል በሱው ነው የሞተው። ውሰዱት።»

ሳንበላ አንሄድም ተባለ። የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበ። እማማ ዝማም ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው አጎረሱኝ፤ ስጎርስም መሳደባቸውን አላቆሙም።

እሑድ

አምደወርቅ ተመልሰን አረፍን። ዶክተር ትንሿን አጉሊ መነጽሯን መስኮት አጠገብ አቁማ ወንዱን ስታየው አረፈደች። ሁለቱም እጆቹ ደህና ናቸው። ከማናቸውም የታወቀ ዘር ጋር አይመሳሰሉም። እንዲህ ብላ ግን ፊቷ አልፈካም።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«የዚችው ባል መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ጀርባው ላይ ነጥብ የለውም፣ መልኩ ሌላ ነው። ስንጥቅ አጠገብ ብቻውን ተገኘ ብዬ ብጽፍ፣ 'የሌላ ዘር ወንድ ሊሆን ይችላል' ይሉኛል። ልክ ናቸው። ምነው አብረው ባገኘናቸው ኖሮ።»

ውጭ የቤተ ክርስቲያን ሰው በነጠላ ይመለሳል። ቁጭ አልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ከጎታው ጀርባ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ካልኩ ግን ሸረሪቱን ይዘነው ሄደን እንዳልያዝነው ነው።

«አብረው ነበሩ» አልኳት። «በአንድ ድር ሥር። እግሩ እግሯ ላይ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ብልቃጥ ልይዝ ብዬ እሷ አመለጠችኝ።»

መጀመሪያ ጮኸችብኝ። «አንድ በአንድ ብዬ አልነበረም? ስንት ጊዜ ተናገርኩ?» ተነሥታ ዞረች፣ ተቀመጠች። «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሬ።»

«ቢነግሩኝ እንደገና እንፈልጋት ነበር እኮ!»

እሱ እውነት ነው። አሁን እንዳንመለስ የመኪናው ፈቃድ የቀረው ጊዜ ለአገር ቤት መንገዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የመስክ ደብተሯን ገልጣ ብዕሩን ሰጠችኝ። «ያዩት እርስዎ ነዎት። በእጅዎ ይጻፉት።»

ጻፍኩ። ከላይ በተጠቀሰው ዕለት፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመተባበር፣ በተደረገው ከፍተኛ ጥረት... ግማሽ ገጽ ሞላሁ። አነበበችና ቅጠሉን ገልጣ ባዶውን ገጽ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ከጎታው ጀርባ 'የሚመለከታቸው አካላት' ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«ማን ነበረ?»

«እኔና ሸረሪቶቹ።»

«እንግዲያው እሱን።»

አራት ጊዜ ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ቃል እየቀነሰ ሄደ፣ እኔም እያላበኝ ሄደ። ረጅም ሲጻፍ መደበቂያ አለው፤ አጭሩ ነው የከበደኝ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«በእማማ ዝማም ቤት፣ ከጎታው ጀርባ፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት ነጭ ነጥብ ያላት ሴት ሸረሪትና ይህ ወንድ በአንድ ድር ሥር ነበሩ። እግሩ እግሯ ላይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱን በአንድ ብልቃጥ ለመያዝ ስሞክር ሴቷ በእኔ ጥፋት አመለጠች።»

ፈረምኩ። በእጄ፣ በጣቴ አይደለም።

መመለሻው

ስለ መመለሻው የሚጻፍ የለም። ሙላት ሲዘፍን መጣ። ጎማ ሁለቴ ተነፈሰ። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ አረቄውን ሲያሸት «አሁንስ እውነተኛ ሆነ!» ብሎ ጮኸ፤ ይኼኛውም ለሸረሪቱ መሆኑን ሳስረዳው ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ዶክተር ሥዕሉን ሠርታ ጽሑፉን ጨረሰች። መርማሪዎቹ ተቀብለውታል፤ ሸረሪቷ የዋግን ስም ይዛ ታትማለች። ከመላኩ በፊት ግን አንድ ክርክር ነበረን። የደብተሩን ጽሑፍ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ መጨረሻው ላይ ቆመችና ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ 'በእኔ ጥፋት' የሚለውን ላውጣው። ለሳይንሱ አያስፈልግም። ስምዎም አብሮ ስለሚታተም ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።»

«ተይው» አልኳት። «እሱን ካወጣሽው፣ የቀረውን ለምን ብለው ያምኑኛል?»